ሐዘን ሥራ አላት፦ «ኢንሳይድ አውት» የልጅን ውስጥ እንዴት እንዳሳየ

ራይሊ የ11 ዓመት ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችበትን ሚኒሶታን ለቃ ከእናትና አባቷ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ገብታለች። አዲሱ ቤት ጠባብና ያረጀ ነው። ዕቃቸውን የጫነው መኪና አልደረሰም። አባቷን የጀመረው ሥራ ወጥሮ ይዞታል፣ ስልክ ከጆሮው አይወርድም። ልትተኛ ስትል እናቷ ትመጣና ታመሰግናታለች። ይሄ ሁሉ ግርግር እያለ ደስተኛዋ ልጃችን ሆነሽ ቆየሽልን ትላታለች። አባትሽ ብዙ ጫና አለበት፤ እኔና አንቺ ፈገግ ካልንለት ይቀለዋል። ልጅቱም እሺ ትላለች።

ክፉ ቃል የለበትም። እናትየው ልጇን ትወዳለች፣ ደክሟታል፣ የምትናገረውም ከልቧ ነው። ልጅቱ ጆሮ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው፤ «እዚህ ቤት የኔ ድርሻ መደሰት ነው።» ከዚያች ማታ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ፣ ከቤት እስከ መጥፋት ድረስ፣ ከዚህች ምስጋና ይመዘዛል ባይ ነኝ።

ፊልሙ «ኢንሳይድ አውት» ይባላል። ፒክሳር የሠራው አኒሜሽን ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተር ነው። በተከታዩ ዓመት የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን ወሰደ። የልጆች ፊልም ነው ተብሎ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ እንባ የሚጠርጉት አዋቂዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ማብራራት የምፈልገው ፊልሙ ስለ ስሜት የሚለውን ነው። የቱ ጥናት የሚደግፈው ነው? የቱስ ለታሪኩ ሲባል የተቃለለ ነው? ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰውስ ምን ቢያስተውል ይጠቅመዋል?

ጭንቅላት ውስጥ ያለው ክፍል

አብዛኛው ታሪክ የሚካሄደው ራይሊ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እዚያ አንድ መቆጣጠሪያ ክፍል አለ። ክፍሉ ውስጥ አምስት ስሜቶች ይኖራሉ፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ቁጣ እና መጸየፍ። ሁሉም በሰው አምሳል ተሥለዋል። ደስታ ብርሃን ትረጫለች፣ አለቃዋም እሷ ናት። ሐዘን ሰማያዊ ናት፣ ትልልቅ መነጽር አድርጋለች፣ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ቁጣ ቀይ ነው፣ ሲብስበት ከአናቱ እሳት ይወጣል። የክፍሉን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የያዘው ስሜት በዚያች ደቂቃ የራይሊን ፊትና አንደበት ይመራል።

ልጅቱን የሚገጥማት ነገር ሁሉ የሚያበራ ኳስ ሆኖ ይቀመጣል። የኳሱ ቀለም በሰዓቱ የተሰማትን ይነግረናል። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ዋና ትዝታዎች ናቸው፤ የቤተሰብ፣ የጓደኝነት፣ የሆኪ፣ የሐቀኝነትና የቀልድ የሚባሉት የማንነቷ ደሴቶች የቆሙት በእነሱ ላይ ነው። ወደ አዲሱ ከተማ ስትመጣ ዋና ትዝታዎቿ በሙሉ ቢጫ ናቸው፣ ማለትም የደስታ።

ፊልሙ ገና ሲጀምር ደስታ ጓደኞቿን ታስተዋውቀናለች። ፍርሃት ልጅቱን ከአደጋ ይጠብቃል። መጸየፍ ከሚመርዛት ነገር ታርቃታለች፣ ብሮኮሊ የሚባለውን አትክልት ጨምሮ። ቁጣ ፍትሕ ጎደለ ሲል ይነሳል። ሐዘን ጋ ስትደርስ ግን ቃል ያጥራታል። እሷ ምን እንደምትሠራ በትክክል አላውቅም ትላለች። የፊልሙ ጥያቄ ይህቺ ናት። ቀሪው አንድ ሰዓት ተኩል መልሱን ፍለጋ ነው።

ራይሊ አዲሱ ትምህርት ቤት በምትጀምርበት ጠዋት ደስታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ትሥላለች። ሐዘንን መሀል ላይ ታቆማትና፣ የዛሬ ሥራሽ ሐዘን ሁሉ ከዚህ ክብ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው ትላታለች። እየሳቀች ነው የምታዛት። ይህን ትዕይንት ሳየው ሁሌ ልቤ ይነካል፤ እናትየው በምስጋና ያደረገችውን ደስታ በጠመኔ ደገመችው።

ክቡ ምንም አልያዘም። መምህሯ እስኪ ስለራስሽ ንገሪን ስትላት፣ ራይሊ ስለ ሚኒሶታ በደስታ ማውራት ትጀምርና እንባዋ ይቀድማታል። የመጀመሪያዋ ሰማያዊ ዋና ትዝታ ተወለደች። ደስታ ይህቺን ትዝታ ለማስወገድ ስትታገል፣ እሷም ሐዘንም ከነትዝታዎቹ ተጠርገው ከመቆጣጠሪያው ክፍል ይወጣሉ። ሰሌዳው ለፍርሃት፣ ለቁጣና ለመጸየፍ ይቀራል። ራይሊ መደሰትም ማዘንም አቃታት። የቀራት መነጫነጭ ነው። እራት ላይ አባቷ ላይ ትጮኻለች፣ ወደ ክፍልሽ ሂጂ ትባላለች።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ይገባል። ያዘነ ልጅ ሁልጊዜ አያለቅስም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ኩርፊያና ቁጣ ነው። ወላጅ የሚያየው ጠባይዋ የተበላሸ ልጅ ነው፣ ቅጣቱም ለጠባዩ ይሰጣል። ተመልካቹ ግን ከውስጥ ሆኖ የጎደለውን ያያል።

ፍርሃት ወጣ፣ ሐዘን ገባች

ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተር ይህን ፊልም ያሰበው የገዛ ልጁን እያየ ነው። ተጫዋች የነበረችው ልጅ ወደ 11 ዓመቷ ስትጠጋ ዝም አለች፣ ከሰው ሸሸት አለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ምን እየሆነ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሥራው አምስት ዓመት ገደማ ወሰደ። በመጀመሪያው ታሪክ ከደስታ ጋር መንገድ ላይ የሚጠፋው ፍርሃት ነበር። ነገሩ ያስቃል፣ ግን የትም አልደረሰም። ፒት ዶክተር በኋላ እንደተረከው፣ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል እያሰበ ለብቻው ሲራመድ አንድ ነገር ገባው። ቢሄዱበት በጣም የሚናፍቁት ሰዎች አብረውት የሳቁ ብቻ ሳይሆኑ አብረውት ያዘኑ፣ የተጣሉ፣ የፈሩ ሰዎች ናቸው። ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ሐዘንም ጭምር ነው። ተመልሶ ታሪኩን አስቀየረ። ያ ለውጥ ባይኖር ፊልሙ ጥሩ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም አማክረዋል። አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚያስተምረው ዳከር ኬልትነር ነው። ሌላው ፖል ኤክማን ነው። ኤክማን በ1960ዎቹ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄዶ ከውጭው ዓለም ጋር ብዙም ግንኙነት ባልነበራቸው የፎሬ ሰዎች ዘንድ የፊት ገጽታን አጥንቷል። አንዳንድ ስሜቶች በየትም አገር ፊት ላይ በተመሳሳይ መልክ ይነበባሉ የሚለው ሐሳብ በስፋት የታወቀው በእሱ ነው። ከፊልሙ አምስት ስሜቶች ጀርባ ያለው ይህ ሐሳብ ነው። የኤክማን ዝርዝር ውስጥ መደነቅም አለ፣ ፊልሙ ግን ትቶታል።

ታዲያ ሐዘን ምን ትሠራለች?

ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ አንዲት አጭር ትዕይንት መልስ ትሰጣለች። ቢንግ ቦንግ የራይሊ የሕፃንነት ምናባዊ ጓደኛ ነው። ኩምቢ አለው፣ ሲያለቅስ ከረሜላ ነው የሚያነባው። ሁለቱ ድሮ የሚጫወቱበት፣ በዘፈን የሚነሳ የሮኬት ጋሪ ነበራቸው። ያ ጋሪ የተረሱ ትዝታዎች ወደሚጣሉበት ገደል ይገፋል። ቢንግ ቦንግ እያየ ነው። መሬት ላይ ዝርፍጥ ይላል፣ ከዚያ አይነቃነቅም።

ደስታ ትቸኩላለች፤ ወደ ክፍሉ የሚመልሳቸው ባቡር ሊያመልጣቸው ነው። ታኮረኩረዋለች። ፊቷን እያጣመመች ልታስቀው ትሞክራለች። ጨዋታ ትፈጥርለታለች። ምንም የለም። ሐዘን ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። የምትወደውን ነገር ስለወሰዱብህ አዝናለሁ ትለዋለች። ስለ ጋሪው መናገር ይጀምራል። ትሰማዋለች። አብራችሁ ደስ የሚል ጊዜ አሳልፋችኋል ማለት ነው ትለዋለች። ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል። ጥቂት ቆይቶ ይነሳና፣ አሁን ደህና ነኝ፣ ኑ እንሂድ ይላል። ደስታ ዓይኗን ማመን ያቅታታል። እንዴት አደረግሽው?

ሐዘን መፍትሔ አላመጣችም። ጋሪው አልተመለሰም። ያደረገችው መቀመጥ፣ የጠፋውን ነገር በስሙ መጥራትና እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። አሰልቺ ይመስላል። ለቸኮለ ሰው ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

ሐዘን የሚመጣው የምንወደው ነገር ሲጠፋ ነው። ሐሳባችን ወደጠፋው ነገር ይሰበሰባል፣ ምን እንዳጣን እናሰላስላለን። ፊትና እንባ ደግሞ ለሌላው ሰው የሚላኩ መልእክቶች ናቸው፤ ድረሱልኝ ይላሉ። ሕፃን አንድም ቃል ሳያውቅ ሰው የሚጠራው በለቅሶ ነው። ስለዚህ አታልቅሺ የተባለች ልጅ እርዳታ የምትጠራበትን ደወል ነው የተቀማችው።

ስሜትን መደበቅ ስሜቱን አያጠፋውም። ጄምስ ግሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ ሰዎችን ፊልም እያሳየ፣ የሚሰማችሁ ነገር ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ አድርጉ ይላቸው ነበር። ተሳክቶላቸዋል፣ ፊታቸው ላይ የሚታየው ቀንሷል። ደስ የማይለው ስሜት ግን በውስጣቸው እንዳለ ቀረ። እንዲያውም ሰውነታቸው ይበልጥ ይወጠር ነበር። ራይሊ እሺ ብላ ፈገግ ያለችበትን ማታ ከዚህ ጋር አያይዙት።

ትዝታ ቀለሙን ሲቀይር

ፊልሙ ውስጥ ሐዘን ቢጫ ትዝታ ስትነካ ትዝታው ሰማያዊ ይሆናል። ደስታ በጣም ትናደዳለች፣ አትንኪ ትላታለች። መጀመሪያ ሲታይ ሐዘን የምታበላሽ ይመስላል። ትዝታ ግን እንዲህ ነው፣ ተቆልፎ አይቀመጥም። በ2000 እ.ኤ.አ. ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ አንድ ድምፅ ሲሰሙ እንዲፈሩ በሠለጠኑ አይጦች ላይ ሙከራ አደረጉ። ፍርሃቱ እንዲታወሳቸው ድምፁን ካሰሟቸው በኋላ፣ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት አንጎላቸው ውስጥ ሰጧቸው። አይጦቹ በኋላ ድምፁን ሲሰሙ ፍርሃታቸው በጣም ቀንሶ ተገኘ። የረጋ ትዝታ ሲታወስ ለጊዜው ይላላል፣ እንደገና መርጋት ይኖርበታል ማለት ነው። በሰውም ቢሆን ዛሬ ያለንበት ስሜት ትናንትን የምናይበትን ዓይን ይቀይራል።

ራይሊ በሚኒሶታ በረዶ ላይ ስትንሸራተት የነበረው ትዝታ በቦታው እያለች ያስደስታል። ከወጣች በኋላ ያው ትዝታ ያስለቅሳል። ማንም አላበላሸውም። ልጅቱ አሁን የምታጣው ነገር ስለሆነ ትርጉሙ ተለወጠ። ናፍቆት ብለን የምንጠራው ይሄንኑ ነው።

ደስታ ይህን የምትረዳው የተረሱ ትዝታዎች ገደል ውስጥ ወድቃ ነው። እጇ ላይ አንድ የምትወደው ትዝታ አለ፤ ራይሊን የሆኪ ቡድኗ ከፍ አድርጎ ሲያወድሳት። ሐዘን ይህንኑ ቀን በሌላ መልኩ ታስታውሰው ነበር። ደስታ ትዝታውን ወደኋላ ስታዞረው ኳሱ ሰማያዊ ይሆናል። ለካ ራይሊ በዚያ ቀን ወሳኙን ምት ስታለች፣ ሆኪ ላቆም ነው ብላ ዛፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናትና አባቷ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ቡድኑም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ደስታ ያዘነች ልጅን ሰዎች ስላዩ የመጣ ነው። ከጠቅላላው ፊልም አንዲት ደቂቃ ምረጥ ብባል ይህቺን እመርጣለሁ።

ሰሌዳው ሲደነዝዝ

በዚህ መሀል ቁጣ አንድ ሐሳብ ሰሌዳው ላይ ይሰካል፤ ወደ ሚኒሶታ መጥፋት። ራይሊ የእናቷን የባንክ ካርድ ወስዳ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ስሜቶቹ ደንግጠው ሐሳቡን ሊነቅሉት ይሞክራሉ። አይቻልም። ሰሌዳው እየጠቆረ ይሄዳል፣ ማንም ቢነካው አይሠራም። ልጅቱ መስኮት ዳር ተቀምጣለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ፊልሙ እዚህ በጣም አስተዋይ ነው። ሐዘንና ድባቴ አንድ አይደሉም። ያዘነ ሰው የሚወደውን ነገር ያውቃል፣ ይናፍቃል፣ ያለቅሳል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባዶነት ነው የሚሰማው፤ የሚወደውም ነገር ጣዕም ያጣል። ራይሊ አደጋው ላይ የደረሰችው ሐዘን ስለበዛባት አይደለም፣ ሐዘን ሰሌዳው ጋ መድረስ ስላልቻለች ነው። በመጨረሻ ሐዘን ስትመለስ ሐሳቡን በቀላሉ ትነቅለዋለች። ራይሊም አውቶቡሱን አስቁማ ወደ ቤቷ ትሮጣለች።

ቤት ስትደርስ የምትለው ነገር በቀጥታ ያቺን ማታ ይመልሳል። ደስተኛ እንድሆንላችሁ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፣ ግን ቤቴ ናፍቆኛል ትላለች። እንዳትቆጡ ብላም ትለምናለች። ወላጆቿ አይቆጡም። አይዞሽ ትለምጅዋለሽ ብለውም አይሸኟትም። እኛንም ናፍቆናል ይሏታል፣ የናፈቃቸውንም ይነግሯታል። ሦስቱ ይተቃቀፋሉ። ልጅቱ እያለቀሰች ፈገግ ትላለች። ቢጫና ሰማያዊ የተቀላቀለበት አዲስ ዋና ትዝታ ይፈጠራል። ወደ ሚኒሶታ ግን አይመለሱም፤ ኑሮው እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ይቀጥላል።

ትንንሽ ልጆች ሁለት ተቃራኒ ስሜቶች በአንድ ጊዜ ሊሰሙ እንደሚችሉ ለመረዳት ይቸገራሉ። ግንዛቤው የሚዳብረው ቀስ በቀስ፣ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የተቀላቀለው ኳስ ማደጓን የሚያሳይ ነው። የአምስት ዓመት ልጃችሁ ይህ ካልገባው አትጨነቁ፣ በቢንግ ቦንግ ይሳቅ።

የተቃለለው

አንጎል ውስጥ ሰሌዳ የሚይዝ ትንሽ ሰው የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ዋናው ልዩነት ግን ስሜትና ሐሳብ እንደ ፊልሙ የተነጣጠሉ አለመሆናቸው ነው። ሰው ሲያዝን የሚያስበውም፣ ትኩረት የሚሰጠውም፣ ሰውነቱም አብሮ ይለወጣል። ትዝታም በአንድ ኳስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ድምፁ፣ መልኩ፣ ስሜቱ በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ተበታትኖ ይቆይና ሲታወስ ይገጣጠማል።

ኬልትነርና ኤክማን ራሳቸው በ2015 በኒውዮርክ ታይምስ ባወጡት ጽሑፍ ፊልሙን ቢያወድሱም አንድ ቅሬታ ነበራቸው። ሐዘን እጅግ ፈዛዛ ተደርጋ ተሥላለች ብለዋል። በጥናት የሚታየው ሐዘን ሰውነትን ለጠፋው ነገር ምላሽ እንዲሰጥ የሚያነቃቃ ነው። መሬት ላይ ተኝታ በእግሯ የምትጎተተዋ ሐዘን ለሳቅ የተሠራች ናት።

ከሥሩ የሚሞግትም አለ። ሊሳ ፌልድማን ባሬት የተባለችው ተመራማሪ ስንወለድ ተዘጋጅተው የሚጠብቁን ጥቂት መሠረታዊ ስሜቶች አሉ በሚለው አትስማማም። እንደ እሷ አባባል አንጎል ከሰውነት የሚመጣውን ምልክት፣ ያለፈ ልምዱንና የተማረውን ቋንቋ አቀናጅቶ ስሜትን በየጊዜው ይሠራዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። ለወላጅ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ቦታ ያደርሱታል፤ ልጅ ለሚሰማው ነገር ቃል ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ፊልም በ2024 ወጣ። ዳይሬክተሩ ኬልሲ ማን ነው። በዓለም ዙሪያ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ራይሊ 13 ሆኗታል። ጭንቀት፣ ምቀኝነት፣ ሐፍረትና መሰልቸት ይጨመራሉ። ጭንቀት ክፉ ሆና አልተሣለችም፤ ልጅቱን ነገ ከሚመጣባት መጥፎ ነገር ልትጠብቃት ነው የምትሞክረው። ችግሩ ማቆም አለመቻሏ ነው። ሆኪ ሜዳ ዳር ራይሊ ልቧ ሲመታ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት የሚታይበት ትዕይንት፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሚደርስባቸው ታዳጊዎች «ይሄ ነገር እኔ ጋ ብቻ አይደለም» የሚያሰኝ ነው። ልጃችሁ 12 ወይም 13 ከሆነ ሁለተኛውን አትዝለሉት።

ከልጅ ጋር ሲታይ

ስሜትን በቃል መጥራት ይረዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. የማቲው ሊበርማን ቡድን ባሳተመው ጥናት ሰዎች ስሜት የሚነበብበት ፊት አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ለፍርሃትና ለስጋት ምላሽ የሚሰጠው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። ፊልሙ ለልጆች የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይሄ ይመስለኛል። አዝኛለሁ ማለት የሚከብደው ልጅ «አሁን ሰሌዳው ላይ ያለው ማን ነው?» ሲባል ይመልሳል። ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ያህል ይቀለዋል።

ግን እንደ ፈተና አታድርጉት። ፊልሙ እንዳለቀ ምን ተማርክ ብሎ መጠየቅ ነገሩን ይገድለዋል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ቢንግ ቦንግ ያሳዝንህ እንደሆነ ብቻ ነው፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። ራሳችሁም ተናገሩ። ዛሬ ቁጣ ነበር ሰሌዳዬን የያዘው ያለ አባት ልጁ እንዲናገር መንገድ ይከፍታል። ደግሞ ልጅ ሲያለቅስ «ሐዘንን አስወጣት» እያሉ ገጸ ባሕርይዋን ለማባበያ መጠቀም የጠመኔውን ክብ መልሶ መሣል ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን አጠገብ መቀመጥ ብቻ አይበቃም። ልጁ ለሳምንታት የሚወደውን ጨዋታ ከተወ፣ እንቅልፉ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ከበዛበት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ይገባል። ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ነው።